ሸራ የለበሰው ሶላር

ይህ ነገር የገጠመኝ በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ፣ ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ላይ በምትገኝ ትንሽ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ እኔም ደብረ ማርቆስ ገብቻለሁ። ግን ዛሬም ሪባን ተዘርግቶ፣ መቀስ በሳህን የያዘች ልጅ ቆማ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዙሬ እሄዳለሁ። ሰው ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ መመለሱ ስለሰለቸኝ አንዴ ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው።

ጤና ጣቢያችን መብራት አልነበራትም። የማዋለጃ ክፍሏ አንዲት መስኮት ብቻ ነበረቻት። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከተራራው ይወርድና እኩለ ቀን ላይ እንኳ ቤት ውስጥ ሰው ከሰው አይተያይም። የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ስንቷን እናት እንዳዋለድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ታዲያ አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሶላር ሰጠን ሲባል እልል አልን። ዕቃው ግን ወረዳው መጋዘን ገብቶ ቀረ። የጤና ሰዎች «ተከላው የኢነርጂዎች ሥራ ነው» ይላሉ። ኢነርጂዎቹ ደግሞ «ሕንፃው የጤና ነው፤ እኛ ሰው ጣሪያ ላይ ዝም ብለን አንወጣም» ይላሉ። ሁለቱ ቢሮዎች አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። በረንዳ ለበረንዳ እየተያዩ ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ለስብሰባ በወረድኩ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው እመላለሳለሁ። አንዱ ኃላፊ እንዲያውም እየሳቀ፣ «ሲስተር፣ አንቺ አዋላጅ ነሽ ወይስ ኤሌክትሪሻን?» አለኝ። ጓደኞቹም አብረውት ሳቁ።

በመጨረሻ የሰጪው ድርጅት ሰዎች ራሳቸው ከማርቆስ ቴክኒሻን ላኩ። ልጁ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረደ። ያን ሁሉ ጊዜ የተጉላላንበት ሥራ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ አልፈጀም። ማብሪያውን ሲጫነው ክፍሉ ፍክት አለ። የጥበቃ ሠራተኛችን ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ።

እዚህ ላይ አትጠገብን ላስተዋውቃችሁ። አትጠገብ ከጤና ጣቢያዋ ፊት ለፊት ካለው ጋራ ላይ የምትኖር የገበሬ ሚስት ናት። ሁለት ልጆች ቤቷ ውስጥ ስትወልድ ሞተውባታል። ሦስተኛውን አርግዛ ሳለ ቤቷ ድረስ ሄጄ ለመንኳት፤ ጤና ጣቢያ ውለጂ አልኳት።

«ሲስተር፣ የኔም ቤት ጨለማ ነው፣ ያንችም ቤት ጨለማ ነው» አለችኝ። «በቃሬዛ ተንገላትቼ ከጨለማ ወደ ጨለማ ምን ልሠራ እመጣለሁ?»

መብራቱ የበራ ዕለት ግን ከደጇ ሆና አይታዋለች። በማግስቱ ከባሏ ከይሁኔ ጋር መጣች። አምፖሉን ቀና ብላ አየች፣ ማብሪያ ማጥፊያውን አንዴ ተጫነችው፣ ደግማ ተጫነችው። «በዚህማ ከሆነ እመጣለሁ» አለች። እኔም በዚህ መብራት ሥር ነው የምትወልጂው ብዬ ቃል ገባሁላት።

ሳምንት ሳይሞላ ከወረዳ አንድ ሰው መጣ። የምርቃቱ አስተባባሪ ነኝ አለ። ሶላሩ ሳይመረቅ መጠቀም አይቻልም፤ የክብር እንግዳው መጥተው በይፋ ማብራት አለባቸው። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ሁለት ሰው ጣሪያ ላይ አወጣና ፓነሎቹን በሸራ አስጠቀለላቸው። እንግዳው ገመዱን ሲስቡ ሸራው ይወድቃል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ እንደ ሐውልት መሆኑ ነው።

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ፀሐይ የሚበላ ዕቃ ነው» አልኩት። «ቴክኒሻኑ ባትሪው ባዶውን ከቆየ ይሞታል ብሎናል።»

«እሱ የፕሮቶኮል ነገር አይገባውም» አለኝና የባትሪውን ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ቀይ መብራት እንደበራች ቀርታለች። ያችው መብራት ያለችውን ኃይል ቀስ እያለች ልሳ እንደጨረሰችው ኋላ ነው የገባን።

ምርቃቱ ግንቦት ነው ተባለ። ወደ ሰኔ ዞረ። ሐምሌ ላይ እንግዳው ስብሰባ ገጠማቸው። ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ጾሙ እስኪፈታ የተጠበቀው፣ በግ ለማረድ እንዲመች መሆኑን ስሰማ ደሜ ፈላ። በዚህ መሐል እኔ ያችኑ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ይዤ አዋልዳለሁ፤ ሶላሩ ከራሴ በላይ ሸራውን ለብሶ ተኝቷል። የአካባቢው ሰው «ሶላሩ ክርስትና እስኪነሳ አራስ ቤት ነው» እያለ ያሾፍብን ጀመር።

ቀኑ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል፣ ጉሙም ግቢውን ሞልቶታል። ድንኳን ተተከለ፣ ሞንታርቦ መጣ፣ ለሞንታርቦው ጄኔሬተር መጣ። የማዋለጃ ክፍሌ ውስጥ ለእንግዶቹ ወንበር ደረደሩበት፤ ማብሪያው ያለው እዚያ ነዋ። አልጋዬን ወደ ጥግ ገፉት። በውጭ በኩል ደግሞ መስኮቷ ላይ «ብርሃን ለእናቶች» የሚል ትልቅ የጨርቅ ጽሑፍ ወጥረው ቸነከሩባት። ክፍሉ ድቅድቅ አለ። ለምን እዚያ እንዳደረጉት ስጠይቅ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ስለሆነ ነው አሉኝ።

እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው እየተባለ ሳለ ይሁኔና ጎረቤቶቹ አትጠገብን በቃሬዛ ተሸክመው ከች አሉ። ምጧ ገፍቷል። ወደ ማዋለጃ ክፍል ላስገባት ስል አስተባባሪው በሩ ላይ ቆመ።

«ሲስተር፣ ሴትዮዋ ትንሽ ትታገስ።»

ልክ ሰምቼው እንደሆነ እርግጠኛ ለመሆን ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ይሁኔ ዱላውን ጨበጠ። ከአስተባባሪው ጋር ስጨቃጨቅ ልጁ ደጅ ላይ ሊወለድ ሆነ። ስለዚህ መስኮት የሌለው ካርድ ክፍል አስገብቼ፣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፌ አስተኛኋት። ወዲያው ወለደች። ወንድ ልጅ፤ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ መሰለኝ።

ደሙ ግን አልቆም አለ። ማህፀኗ ደህና ጠንክሯል፤ የሚደማው የተቀደደው ቦታ ነው። መስፋት አለብኝ፣ ግን አይታየኝም። የእጅ ባትሪዬ ደክማ እንደ ኩራዝ ጭል ጭል ትላለች። አትጠገብ ፊቷ እየነጣ፣ «ሲስተር፣ የታለ መብራቱ?» አለችኝ። ያን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም።

ጓንቴ በደም እንደተነከረ ወደ ውጭ ሮጥኩ። እንግዳው ገመዱን ስበው ሸራው ወድቋል። የማዋለጃ ክፍሌ በር ላይ ስደርስ ሪባኑ ተቆርጧል፤ እንግዶቹ ውስጥ ናቸው። ካሜራው ተደግኗል። ማብሪያውን ተጫኑት፤ ምንም የለም። ደግመው ተጫኑት። ክፍሉ ጨለማ ነው።

«ጄኔሬተሩን ስጡኝ! ሰው እየሞተብኝ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

አስተባባሪው ወደኔ ዞሮ በሹክሹክታ፣ «በማርያም፣ እንዲህ በደም ተለውሰሽ ካሜራ ፊት!» አለኝ። ከዚያ ለሞንታርቦው ሰው ምልክት ሰጠ። ሰውየው ከጄኔሬተሩ ገመድ ስቦ በሕንፃው የኋላ በር፣ በኮሪደሩ በኩል ገባና ሌላ አምፖል አንጠለጠለ። እንግዳው ሦስተኛ ጊዜ ሲጫኑት ሰውየው ገመዱን ሰካው። በራ! ጭብጨባው፣ እልልታው፣ የሞንታርቦው ዘፈን አንድ ላይ ተነሣ። ማንም አላፈረም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያጨበጭባል።

እኔ ከዚያ ወዲያ ፈቃድ አልጠየቅሁም። ይሁኔንና ጎረቤቶቹን ጠርቼ አትጠገብን ከነፍራሿ አንስተን በእንግዶቹ መሐል ሰንጥቀን ገባን። ወንበሮቹ ተገለባበጡ። እንግዳው ደሙን ሲያዩ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ወጡ። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ወጡ፤ በጉ እንዳይቀዘቅዝባቸው ነው መሰለኝ። አልጋውን ወደ መሐል ጎተትኩ። አሁን ይታየኛል። መርፌዬን ያዝኩ፣ መስፋት ጀመርኩ።

መሐል ላይ እያለሁ አምፖሉ ጠፋ።

ፎቶው ተነሥቷል፣ ንግግሩ አልቋል፤ ጄኔሬተሩን ነቅለው መኪና ላይ እየጫኑት ነው። ይሁኔ ወጥቶ ሲለምን «የኪራይ ነው፣ መመለስ አለበት» ብለው ገፈተሩት። እኔ ጨለማ ውስጥ በጣቴ ደሙን አፍኜ ይዣለሁ፣ እጄን ባነሳ ይፈሳል። «አይታየኝም!» እያልኩ እጮኻለሁ።

በድንገት የጨርቅ መቀደድ ድምፅ ሰማሁ። ይሁኔ ነው። ያንን «ብርሃን ለእናቶች» የሚለውን ጨርቅ ከሰገባው በመዘዘው ቢላ ከላይ እስከ ታች ተረተረው። በመስኮቷ የቀን ብርሃን ገባ። ጉም ያጠላበት፣ የደከመ ብርሃን ነው፤ ግን በቂ ነበር። ሰፍቼ ጨረስኩ። አትጠገብ ተረፈች። ልጇም ተረፈ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር። የአትጠገብ ልጅ ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ምርቃቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል ተብሎ ተነገረ። ስለ ሞተው ባትሪ አንድም ሰው አላነሳም። ቀጥሎ ይሁኔ ተጠራ፤ የመንግሥት ንብረት የሆነ ጨርቅ ቀድዷልና ሕዝቡ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። አስተባባሪው ፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። እኔ ተነሥቼ ልናገር ስል «አጀንዳው የሕክምና አይደለም» ብለው አስቀመጡኝ።

ይሁኔ ነጠላውን ትከሻው ላይ አጣፍቶ ቆመ። «ጨርቁን ስለቀደድሁ ይቅርታ» አለ። ወደ አስተባባሪው ዞሮ፣ «ምሽቴ ስለኖረች ግን ይቅርታ አልልም» ብሎ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ማዳበሪያ ጉዳይ አለፈ።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። ሶላሩ አዲስ ባትሪ እስኪመጣለት ሌላ ክረምት ጨለማ ውስጥ አሳለፍን፤ ባትሪውን ማን ይግዛ በሚለው ላይ እነዚያው ሁለት ቢሮዎች እንደገና በረንዳ ለበረንዳ ተያዩ። ኋላ ላይ ሌሎች ወረዳዎች ሶላር የሚያስተክለውንም የሚያስጠግነውንም አንድ ሰው መድበው፣ በተተከለበት ቀን እንደሚያበሩት ሰማሁ። በቃ ይኼው ነው፤ ከዚህ በላይ ምንም ጥበብ አይጠይቅም። አንድ ሰው «ትከሉ፣ አብሩ» ቢል ይበቃ ነበር። ለዚህ እንኳ ሰው ጠፋ።

አንዳንድ ሰው «ተርፋለች አይደል፣ እርሺው» ይለኛል። መትረፏን እኔም ሌት ተቀን አመሰግናለሁ። ግን ያ ስብሰባ ትዝ ሲለኝ ምራቄ ይመረኛል። አትጠገብ ልጇን አዝላ ከኋላ ቆማ ነበር። ባሏ ለጨርቅ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰማች። እሷን ይቅርታ የጠየቃት ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ሰው የለም።