ለእናቴ የተለካው ክፍል

ቤታችን የቆመበትን መሬት የሰጠችን እናቴ ነች። ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ተዳፋት ነበር። ከአባቷ በርስት የደረሳት ሲሆን ገብስ ታስዘራበት ነበር። እሷ ራሷ ታች፣ ወንዙ ማዶ ባለች ጎጆዋ ብቻዋን ትኖር ነበር።

ባሌ ቤተ ልሔም ድጓ ተምሮ ሲመለስ አገባኝና ሦስት ዓመት አባቱ ቤት ተጠግተን ኖርን። ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ እናቴ መጣችና፣ «ተዳፋቱን ውሰዱት፤ ቤት ሥሩበት። እኔም ዓይኔ እየደከመ ነው። አንዲት መደብ ስጡኝና ከልጆቹ ጋር ልሙት» አለች። በጃንሆይ ጊዜ በቁሙ ርስቱን የሚሰጥ ሰው ብዙ አልነበረም። ባሌ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር፤ ዛሬም አልጠራጠረውም።

ጥምቀት አልፎ፣ ውቂያው ሲያበቃ፣ ለመለካት ወጣን። ባሌ የፈለገው ክብ ጎጆ ሳይሆን ረዘም ያለ ሰቀላ ቤት ነበር። ተዳፋት ላይ ስለሆነ ቤቱ ወደ ጎን ይረዝማል፤ ከላይ በኩል መሬቱ ይቆፈራል፣ ከታች በኩል ድንጋይ ይካብና የተቆፈረው አፈር ይሞላበታል። በጠፍር እየለካ ችካል ተከለ። ምዕራብ ጫፍ የበቅሎ ጋጥ፣ ቀጥሎ ጓዳው፣ መሐል ላይ እንግዳ መቀበያውና የእኛ መኝታ። የባሌ አባት፣ ቄሱ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኛ ጋር ሊኖሩ ወስነው ስለነበር ለእሳቸውም መኝታ ተለካ። በቅሎዋም የእሳቸው ነበረች። ምሥራቅ ጫፍ የእናቴ ክፍል ሆነ።

እናቴ በበትሯ እየዳበሰች ችካሎቹ መሐል ገብታ ቆመች።

«ጠዋት ፀሐይ የምትመታው እዚህ ጋ ነው» አለች። «መደቡን በዚህ በኩል አድርጉልኝ። ልጆቹ ሲነሡም ድምፃቸውን እሰማለሁ።»

ባሌ እግሯ ሥር ሁለት ችካል ጨመረ። በማግስቱ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ልኬቱን ዙሪያውን ጸበል ረጩት።

ደቦ ተጠራና ቁፋሮ ተጀመረ። በሦስተኛው ቀን፣ ምሥራቅ ጫፍ ላይ፣ ዶማው ዓለት አገኘ። ሰዎቹ ዙሪያውን ቆፍረው ቢያዩት ጫፍ የለውም። የእናቴ ክፍል የሚያርፍበት ቦታ እንዳለ ድንጋይ ነው።

ባሌ አባቱን አስጠራ። «ቤቱን አራት ክንድ ወደ ምዕራብ መግፋት ይቻላል» አላቸው። «ግን እዚያ ቁልቁለቱ ይብሳል፤ ካቡ እጥፍ ይሆናል። ክረምት ሳይገባ መጨረሳችንን እንጃ። አለዚያ ከልኬቱ አንድ ክፍል መቀነስ ነው።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምናልባት ጋጡን ከውጭ ብናደርገው» አለ።

«ጅብ ባለበት አገር በቅሎዬን ውጭ ላሳድር?» አሉ ቄሱ። «የሚስትህ እናት ቤት አላቸው። ወንዝ ማዶ ነው እንጂ ሩቅ አይደሉም። ውለን አድረን ሌላ ጎጆ እንሠራላቸዋለን።»

የደቦው ሰዎች ዶማቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ባሌ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እንድቃወም ፈልጎ የጠየቀኝ ይመስለኛል፤ አባቱ ፊት እሱ ሊለው ያልቻለውን እኔ እንድልለት። ሕፃኑን ጡት አስይዤ ቆሜ ነበር። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። በምራት ወግ፣ በአማቴ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም።

«እናንተ እንዳላችሁ» አልኩ።

ሁለቱ ችካሎች ተነቀሉ። እናቴ ለሠራተኞቹ ቆሎ ይዛ አቀበቱን ስትወጣ ያየኋት ወዲያው ነው። ባሌ፣ «እናትሽ ናቸው፤ አንቺ ንገሪያቸው» ብሎኝ ዘወር አለ። እሷ ግን ከመናገሬ በፊት ወደ ምሥራቁ ጫፍ ሄዳ መሬቱን በበትሯ መታ መታ ስታደርግ ነበር።

«ችካሉ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ዓለት ወጣበት፣ እማ። ቤቱ ሊያጥር ነው።»

«ያጥራል?» አለች። ከዚያ ሰዎቹ ወዳሉበት ፊቷን መልሳ፣ «ወደ ምዕራብ ለምን አትገፉትም? እዚያ የአባቴ የጥንት ካብ አለ። አፈር ሸፈነው እንጂ አልፈረሰም። ትንሽ ብትቆፍሩ ታገኙታላችሁ» አለች።

ባሌ አባቱን አየ። ቄሱ፣ «ልኬቱ ጸሎት ተደርሶበታል። ጸበል የነካው ችካል ከቦታው አይነሣም» አሉ።

የእሷም ችካሎች ጸበል ነክቷቸው ነበር። ይህን ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁም።

«ግድ የለም፣ አባ» አለቻቸው እናቴ። ቆሎውን ለያንዳንዱ ሰው በእጇ እየዘገነች አደለች። ከዚያ በመጣችበት መንገድ ወረደች። ልሸኛት ስል፣ «ልጁ ይበርደዋል፤ ተመለሽ» አለችኝ።

ቤቱ ግንቦት ላይ አለቀ። በገባንበት ቀን እናቴን ጠራናት፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጠላ ቀመሰችና ሳይመሽ ተነሣች። ወደ ውስጥ ገብታ እንድታይ አልጠየቅኳትም። ምን ላሳያት? በሚቀጥለው ዓመት ባሌ ከጋጡ በስተምዕራብ ጌሾ ሊተክል ሲቆፍር ካቡን አገኘው። ወገብ የሚደርስ፣ ደህና ተደርጎ የተገጠገጠ ድንጋይ። ቆሞ አየው፤ እኔም ከበሩ ሆኜ አየሁ። አፈሩን መልሶ ጌሾውን ሌላ ቦታ ተከለ። ሌላ ጎጆ እንሥራላት የሚል ቃልም ከዚያ ወዲህ በቤታችን አልተነሣም።

ካቡ በተገኘበት ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ወንዙ ሞልቶ ሦስት ቀን መሻገሪያ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ባሌ እጄን ይዞ አሻገረኝ። እናቴን ያገኘኋት ክዳኑ እያፈሰሰባት፣ እሳቱ ጠፍቶ፣ እርጥብ ጋቢዋን ተከናንባ ነው። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣታል። በቃሬዛ እንዳናወጣት ወንዙን ፈራን። እሳት አንድጄ ደረቅ ልብስ አለበስኳት። ወደ ማታ ላይ ዓይኗን ገልጣ፣ «ቤታችሁ ያፈሳል?» አለችኝ።

«አያፈስም፣ እማ።»

«ደግ» አለች። ሁለት ቀን ቆይታ ሞተች።

ሰልስቷ የወጣው በእኛ ቤት ነው። ቄሱ ለለቀስተኛው ስለ ደግነቷ፣ ርስቷን በቁሟ ለልጇ ስለ መስጠቷ ተናገሩ፤ ሰውም መረቃት። ከስማዳ የመጣች የእናቴ የአጎት ልጅ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ሲያምር። እሷ የትኛው ጋ ነበር የምትተኛ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ባሌ አቀረቀረ። ቄሱ መቁጠሪያቸውን ያዙ። መልሱ ከእኔ ይጠበቅ ነበር።

«ታች ቤቷን መልቀቅ አትወድም ነበር» አልኩ።

ሴትዮዋ፣ «እውነት ነው፣ ሽማግሌ ቤቱን አይለቅም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ባሌ በዚያ ቀን ለምን እንዲህ እንዳልኩ ጠይቆኝ አያውቅም። እስኪሞት ድረስ አብረን ኖርን፤ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ከሕፃኑ በፊት የወለድኳት ታላቋ ልጄ ዛሬ እሷም አያት ሆናለች። ለልጅ ልጆቿ ስለ አያቷ ስታወራ፣ «ከታች ቤቷ አልወጣም ብላ ነው እንጂ እናቴ ስንቴ ለምናት ነበር» ትላቸዋለች። ለምኛት ነበር ብዬ አላውቅም፤ በጊዜ ብዛት እሷ የጨመረችው ነው። አጠገቧ ተቀምጬ እሰማታለሁ፤ እስካሁን አላረምኳትም።