የኔታ የሰደቡት ሁሉ ትንቢት ሲሆን

ዘቢደር ባርናባስ የድብ ባሕር ልጅ ናት፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቷ። ነቢይት አይደለችም። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ ስንቱ ሰው ከዳባትና ከደባርቅ ሚኒባስ ተሳፍሮ የመጣው ነቢይት ናት ተብሎ ነውና።

አባቷ የኔታ ባርናባስ መዝሙረ ዳዊት ያስተምራሉ። እሷ ከሚያስተምሩበት ጎጆ ጀርባ ተቀምጣ የሰማችውን ሁሉ ትይዛለች። በሰባት ዓመቷ መቶ ሃምሳውንም መዝሙር በቃሏ ወጣችው። ችግሩ፣ የኔታ በየመካከሉ ተማሪ የሚሰድቡትንም አብራ ይዛዋለች። ለእሷ ሁሉም ትምህርት ነው፤ ስድቡን ከዘለለች ቀጣዩ ይጠፋባታል።

የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ገብረ ኪዳን ይኼን ሲሰሙ፣ አንደኛ ክፍል ልትመዘገብ ደብተር የገዛችውን ልጅ ጥላ አስዘርግተው ዐውደ ምሕረት ላይ አስቀመጧት። ከአፏ የሚወጣ ቃል ሁሉ ከላይ ነው ብለውም ዐወጁ። አንድ ቀን በመዝሙሩ መካከል "እግርህን ታጠብ፤ ቤቱን አገማኸው" አለች። የዳባቱ ነጋዴ ሰብስቤ ለእኔ ነው ብሎ ወንዝ ወረደ። ታጥቦ ሲመለስ የጉልበት ሕመሜ ለቀቀኝ አለ። ሚስቱም ተገላገለች፤ ከምን እንደሆነ አልናገርም።

እንዲህ ሆና ሁለት ዓመት ተቀመጠች። እኩዮቿ ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ በዓይኗ ትሸኛቸዋለች። የኔታ እንዳይናገሩ የሚሰፈርላቸው ድርጎ በአለቃ እጅ ነው። እኔ ተናገርሁ፤ መናፍቅ ተባልሁ። ይበሉኝ። ልጅን እንደ ማኅበር ጽዋ ማዞር ምን የሚሉት እምነት ነው?

ዘንድሮ ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አለቃ በሕዝብ ፊት የመጨረሻውን መዝሙር አሰሚን አሏት።

"አለቃ፣ እሱ ላይ እርስዎም አሉበት" አለቻቸው።

አለቃ ደስ አላቸው። ስማቸው ከላይ መጠራቱን ለምእመናኑ አስረድተው፣ ካባቸውን አስተካክለው ቆሙ። እሷም መዝሙሩን እስከ ግማሹ ወርዳ፣ ድምጿን እንደ አባቷ አጎርንና "ዝም ብላችሁ አጥኑ፤ አለዚያ እንደ ገብረ ኪዳን ዳዊት ሳትደግሙ አለቃ ትሆናላችሁ" አለችና መዝሙሩን ቀጠለች።

መጀመሪያ "አሜን" ያለው ሰብስቤ ነው። ሕዝቡ ተከተለው። አለቃ ውሸት ነው እንዳይሉ፣ ቃሏ ሁሉ ከላይ ነው ያሉት እሳቸው። እውነት ነው እንዳይሉ፣ ካባው ሊገፈፍ ነው። ካባቸውን ሲያፍተለትሉ ቆይተው "ልጄ ትንቢቷን ፈጽማለች" አሉ። "ነገ ትምህርት ቤት ትግባ።"

ገባች። መምህርቷ ምሥራቅ፣ "ልጅቱ ጎበዝ ናት" ትላለች። ቅሬታዋ አንድ ነው፤ ዘቢደር የማባዣ ሠንጠረዡን ስትወጣ የመምህርቷን ሳል ጭምር በየቦታው ታስገባለች።