እጀታው ላይ የታሰረው ጨርቅ

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ከቀይዋ ሞተር ብስክሌት ሆድ ውስጥ ዘይት ማፍሰስ ነው። ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዝናቡ ጀምሮ የሰፈራችን የጋምቤላው ኒውላንድ መንገድ ጥቁር ሊጥ መስሏል። እሱ ማንጎው ሥር ጆንያ አንጥፎ በጀርባው ተንጋሏል፤ እኔ ሞተሯን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

"ቀጥ አድርጊያት።"

"ቀጥ ብላለች።"

"እየተንገዳገደች ነው እኮ!"

"የምንገዳገደው እኔ ነኝ። ለሷ ከምትጨነቅ ለኔ መደገፊያ ሥራልኝ።"

ከሥር ሲስቅ ሰማሁት። ቡሎኑን ፈታው፤ የጠቆረው ዘይት ቆርቆሮው ውስጥ ተንዠቀዘቀ። እስኪንጠባጠብ ጠብቀን ቆርቆሮውን ይዘን ሄድንና ዘይቱን የቤቱ ምሰሶዎች ሥር አፈሰስነው፤ ምስጥ አይወደውም። ከዚያ ከኪሱ ቁራጭ ጨርቅ አውጥቶ የሞተሯ የጋዝ እጀታ ላይ ጠምጥሞ አሰረው።

"ጥቅምት ላይ አዲስ ዘይት እሞላላታለሁ። አቦቦ ደርሰን፣ የአልዌሮን ግድብ አይተን እንመጣለን" አለኝ። እጁን ታጠበና እራት በላን። ሌላ ምንም አላደረግንም።

ያ ጨርቅ በኛ ቤት ትርጉም ነበረው። ደረቅ ናት፣ ዘይት የላትም፣ እንዳታስነሷት ማለት ነው። ልማዱን ያመጣው በልጅነቱ ብረት እያጠበ ካደገበት ጋራዥ ነው። ጋራዡ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ነበር፤ ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ። ሽማግሌው አሮጌ ዘይት ክረምቱን ሙሉ ሞተር ውስጥ ከተኛ እርጥበት ይስብና ብረቱን ይበላል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ዝናብ ሲገባ ያፈሳል፣ ጨርቅ ያስራል፣ ዝናቡ ሲወጣ ይሞላል። ሌላ መካኒክ እንዲህ ሲያደርግ አላየሁም። ጋምቤላ ውስጥ የጨርቁን ትርጉም የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ቀይዋ የእሽቅድምድም ሞተር ነበረች። ሽማግሌው ጋራዡን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ለባለቤቴ ትቷት ሄደ። አልዌሮ ግድብ ሲሠራ ባለቤቴ በመካኒክነት ሲቀጠር፣ ሌላው ሠራተኛ ፍራሽና ራዲዮ ጭኖ ሲመጣ፣ እሱ በጭነት መኪና ላይ ሞተር አስሮ መጣ። እኔ ያኔ አቦቦ አጠገብ ባለ የሰፈራ መንደር ከወሎ ከመጡ ወላጆቼ ጋር ነበርኩ፤ ገና ማስተማር መጀመሬ ነው። መጀመሪያ ያወቅኩት እሱን አይደለም፤ ድምጿን ነው። ከጥጥ እርሻው ማዶ ስትመጣ፣ መሬቱ በጥርሱ የሚያጉረመርም ይመስል ነበር። ሰዉ "የምን ጉድ ነው?" እያለ ከየቤቱ ይወጣል። እኔም ወጣሁ።

ከተጋባን በኋላ ሁለት ሌሎች ጨመረ። አረንጓዴዋን ጅማ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት ነው ያገኛት። ሦስተኛዋ አካልና የቤንዚን ሳልባትዮ ብቻ ነበረች፤ ሞተር የሚባል የላትም። ለመስክ ሥራ በሄደበት ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ "እዚህ አገር አሮጌ የጣሊያን ሞተር የሚያውቅ ሰው የለም?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ አፍር ነበር። የጃፓን ሞተር የሚነዱ ሰዎች ሲያሾፉበት፣ "ካምቢዮ ትላላችሁ፣ ፍሪሲዮን ትላላችሁ፤ ቃሉ ሁሉ የጣሊያን ነው፤ በአፋችሁ የምትነዱት እኮ የኔን ነው" ይላቸዋል።

ክልሉ ሲቋቋም መሥሪያ ቤት ሁሉ አዲስ ሆነ። የሰሌዳው ቀለም ሳይደርቅ ሠራተኛ ይቀጠር ነበር። እሱም ከአንዱ ቢሮ መኪና ጥገና ክፍል ገባ፤ ወደ ከተማ መጥተን ኒውላንድ ቤት ሠራን። ጎረቤታችን የአኙዋ ተወላጅ ናት፤ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች። አጥሩ ላይ ተደግፋ ሞተሮቹን ሲወለውል ማየት ትወድ ነበር።

"አንተ ሚስት አራት አለህ" ትለዋለች፣ ሴቱንም ወንድ በሚያደርግ አማርኛዋ። "ይሄ ደግሞ" እኔን እያሳየች "አራተኛ ነው።"

"ተሳስተሻል። ቀይዋ ትልቋ ናት፣ እሷ ሁለተኛ ናት።"

"ለቀዩ ጥሎሽ ምን ሰጠህ? ከብት ሰጠህ?"

"ወጣትነቴን ሰጠሁ።"

"ኧረ! ተበላህ" ትልና እየሳቀች ትሄዳለች።

ያቺ ሞተር ለዚህ አገር አልተሠራችም። ሆዷ ለመሬት የቀረበ ነው፤ የአቦቦ መንገድ ጠጠር ይገርፋታል። በበጋ ብቻ ነው የምትወጣው፣ ያውም ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። እሱ ሳልባትዮው ላይ ይተኛል፤ እኔ ጀርባው ላይ ተለጥፌ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መንገዱን ሳይሆን ድምጿን ነበር የምከተለው። ሲደክማት፣ ሲሞቃት፣ ስትደሰት ለይቼ አውቃለሁ። መንዳት አልተማርኩም፤ አልፈለግኩም። በሕይወቴ ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ የሆኑልኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ትኩሳቱ የመጣበት ዘይቱን ባፈሰስን በሳምንቱ ነው። ወባ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ይመጣል፣ ይጥላል፣ ይሄዳል። ይሄኛው ራሱ ላይ ወጣ። ሆስፒታል ውስጥ አላወቀኝም። እጆቹ ብቻ ብርድ ልብሱ ላይ ይሠሩ ነበር፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የማይታይ ቡሎን እያጠበቁ። በኋላ እነሱም ቆሙ።

ቀበርነው። በሠልስቱ የአቦቦ ሰፋሪዎች በጭነት መኪና መጡ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። የአቦቦው እድራችን ዳኛ ከወላጆቼ ጋር ከአንድ ቀዬ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ እሳቸው ለቀብሩም ደርሰው ነበር። እኔ ድንኳን ውስጥ በሴቶች ተከብቤ ተቀምጫለሁ። ሽማግሌው ውጪ ሲናገሩ ይሰማኛል።

"በአገራችን ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ይወጣል። ይሄ ሰው ፈረስ አልነበረውም?"

"ነበረው እንጂ" አለ አንድ ሰው። ድምፁን አወቅኩት፤ ከባለቤቴ ቢሮ የነበረ ሾፌር ነው። "ያውም ጣሊያን አገር የተወለደ።"

"እንግዲያው አውጡት።"

ቀይዋን ከጓዳ ገፍተው አወጧት። ጃኬቱን ወንበሯ ላይ አለበሷት፣ የራስ ቁሩን ሳልባትዮው ላይ አስቀመጡ። ሰው ባየ ቁጥር እየጮኸ አለቀሰ። የሟች ፈረስ ሲወጣ እንደሚሆነው ሁሉ ወንዶቹ መሪዋን ይዘው ሕዝቡ መካከል አዞሯት። ያን ጊዜ አየሁ። እጀታዋ ላይ የነበረው ዘይት የጠጣ ጨርቅ የለም። በቦታው ንጹሕ ነጭ ነጠላ ቀደው አስረውባታል። ቆሻሻ ነው ብለው፣ ለክብሩ ብለው ነው።

እስከዚያ አልፈራሁም፤ እየገፏት ነው እንጂ አላስነሷትም። ከዚያ ሾፌሩ "ድምጿንስ እናሰማለት?" አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጠርሙስ ቤንዚን ሲጨምር አየሁት።

"ደረቅ ናት!" ብዬ ተነሣሁ። "ዘይት የላትም! እንዳታስነሷት!"

ሐዘንተኛ ሲጮህ ማን ይሰማዋል? ሴቶቹ ወገቤን አቅፈው አስቀመጡኝ። "አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይላሉ። ጎረቤቴ በብርጭቆ ውሃ አምጥታ አፌ ላይ ደገነችው። "ጠጪ፣ እህቴ፣ ጠጪ።" በጮኽኩ መጠን ይበልጥ ያዙኝ።

ወንዶቹ እየሮጡ ገፏት። ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ተነሣች።

ማለት የምችለው ይህን ነው፦ ለጥቂት ጊዜ ዘይቱን ረሳሁት። ድምጿ ግቢውን ሞላው። ከማንጎው ላይ ወፎች ተነሡ። ከጥጥ እርሻው ማዶ እንደምትመጣው ነበር። እሱ መጥቶ ጓሮ ያለ መሰለኝ። መታገል አቆምኩ፤ ሴቶቹም ለቀቁኝ።

ከዚያ ድምጿ ቀጠነ። አንድ ጊዜ እንደ ብረት መጋዝ ጮኸች፤ የኋላ ጎማዋ ተቆለፈና ጭቃውን ገመሰው። ጸጥ አለ።

አልቃሿ ቀድማ ተናገረች። "የጌታዋን ሞት ሰምታ ዝም አለች" ብላ በሙሾ አወጣችው፤ ሰዉ ተቀበላት። እንዲያ ያለ ለቅሶ በኒውላንድ ተለቅሶ አያውቅም አሉ። ወንዶቹ የማይዞር ጎማዋን አንስተው እንደ አስከሬን ወደ ጓዳ መለሷት። ነገሩ ከተማውን ሞላ፤ ገበያ ስሄድ የማላውቀው ሰው "አብራው የሞተችው ሞተር የባልሽ ናት?" ይለኝ ነበር።

ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። በጥቅምት መንገዱ ሲደርቅ ሽማግሌውና ሾፌሩ አብረው መጡ። ሾፌሩ ቆቡን በእጁ ያሻሻል።

"እትዬ፣ ቢሮ ውስጥ የተጣለ የጃፓን ሞተር አለ። እሱን ነቅለን ለቀይዋ ብንገጥምላት ትሄዳለች። አስፈቅጄአለሁ።"

"ድምጿ ብቻ ነው የሚለየው" አሉ ሽማግሌው። "ቢያንስ ለመንገድ ትሆንሻለች፣ ልጄ።"

"አይሆንም፣ ጋሼ።"

"ምነው? ወይስ እንዳለች እንድትቀበር ነው?"

ሾፌሩ መሬት መሬት ያያል። መካኒክ ባይሆንም መኪና ነድቶ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ጩኸት ሲሰማ ምን እንደሆነ ገብቶታል። "እትዬ፣ ያን ቀን የምትጮኺው…" ብሎ አቋረጠው።

"ዘይት አልነበራትም። እጀታዋ ላይ የነበረው ጨርቅ ምልክቷ ነበር።"

"የፈታሁት እኔ ነኝ" አለ።

ሽማግሌው ወደሱ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "እንዲህ ከሆነ፣ አብራው አልሞተችም፤ እኛ ነን የገደልናት።"

አይደለም ልላቸው ፈልጌ ነበር። ከአቦቦ በእርጅናቸው ተነሥተው የመጡ ሰው ናቸው፤ የባለቤቴን ሬሳ ተሸክመዋል።

"አዎ" አልኳቸው።

በትራቸውን አንስተው ወጡ። ሾፌሩ ጓዳ ገብቶ ከቀይዋ ፊት ቆመ፤ ምን እንዳሰበ አላውቅም። አብሬው ገብቼ ሞተሯን ከፈትናት። የባለቤቴ እጅ ሲፈታ ያየሁትን ቅደም ተከተል እየነገርኩት ፈታ። ፒስቶኑ ከቺሊንደሩ ጋር አንድ ሆኗል። በመዶሻ እንጨት አስደግፎ ሞከረ፤ ተሰነጠቀ። እንዲህ ያለ ዕቃ ድሮም ከዚያ ከተዘጋው ጋራዥ ካልሆነ አይገኝም ነበር። ዕቃዎቹን በጆንያ ጠቅልለን አስቀመጥናቸው።

ሽማግሌው ለቅሶ በደረሱበት ሁሉ አሁንም ያቺን ፈረስ ያነሷታል ይሉኛል። ታሪኩን የሚናገሩት እንደ መጀመሪያው ነው፤ ጌታዋን ተከትላ እንደሄደች። አላርማቸውም። እውነቱን አንድ ጊዜ ሰምተውታል።

አረንጓዴዋን የጅማ ሰው ወሰዳት። አካል ብቻ የነበረችውን ሾፌሩ ለመነኝና ሰጠሁት። ቀይዋ ጓዳ ናት። አልጋዬን ወደ ሳሎን አወጣሁት፤ የጓዳውን በር የምከፍተው ምስጥ ገብቶ እንደሆነ ለማየት ብቻ ነው። የበጋ ጠዋት አንድ ሞተር በባሮ ድልድይ ሲያልፍ ጆሮዬ ይቆማል። የጃፓን ነው። ሁልጊዜም የጃፓን ነው።

አሁን ኒውላንድ ባለው ትምህርት ቤት ለሦስተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ በእግሬ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ።