መኪናው እስኪያልቅ

ሰውየው ጥርስ ሠሪ ነበር። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሞቹ ከታካሚው አፍ የወሰዱትን ልክ ይልኩለታል፣ እሱ ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ በጀሶና በሰም ጥርስ ይሠራል። የሚሠራላቸውን ሰዎች አያውቃቸውም። አንዳንዴ መንገድ ላይ የሚስቅ ሰው ሲያይ ፊቱን ትቶ ጥርሱን ያያል፤ የራሱ ሥራ ከሆነ ይለየዋል፣ ሰላም ሳይለው ግን ያልፋል። ዝምተኛ ነው፣ እጁ የረጋ፣ ፀጉር የምታክል ክፍተት እንቅልፍ የምትነሳው። እሱ የሠራው ጥርስ ለእርማት አይመለስም ይባልለት ነበር። ሚስቱ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው።

ነገሩ የተጀመረው ትልቋ ሦስተኛ ክፍል እያለች ነው። ከጓደኛዋ ቤተሰብ ጋር ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው አድረው ስትመለስ ፊቷን ትንኝ በልቷታል፣ አንድ ጫማዋ ጠፍቷል፣ ደስታዋ ግን ሌላ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ወሬዋ እሱ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን እራት ላይ፣ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» አለች።

አባትየው ሹካውን አስቀመጠና፣ «መጀመሪያ መኪና ያስፈልገናል» አለ። ያለቻቸው መኪና ዝቅ ያለች የከተማ መኪና ነበረች፤ መንገድ ላይ ጉብታ ባጋጠማት ቁጥር ሆዷን የምትፋቅ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ግቢውን ሊያጸዳ ያረጀ ዕቃ እየሸጠ መሆኑን ሰማና ሄደ። ጥግ ላይ፣ ከተደረደሩ ቱቦዎች ኋላ፣ እንደ ሳጥን ቀጥ ቀጥ ያለ አሮጌ የሜዳ መኪና ቆሟል፤ አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ በደህናው ዘመኑ ስንት ገደል የወጣ። ጎማዎቹ ተንፍሰዋል፣ በሮቹን ዝገት በልቷቸዋል፣ የኋላ ወንበሩን የጥበቃው ዶሮዎች ርስት አድርገውታል። ጥርስ ሠሪው የሞተሩን ክዳን ከፍቶ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሲያይ ቆየ። ከሐሳቡ የነቃው ጥበቃው፣ «ዶሮዎቹን ላውጣልህ?» ሲለው ነው።

መኪናው ተጎትቶ ቤት ሲደርስ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ዙሪያውን ዞራ አየችና፣ «ይሄ ነው?» አለች።

«ሻንሲው ጤነኛ ነው።»

«እንቁላል አለበት።»

እውነትም ነበረበት። ገና በቅጡ መናገር ያልጀመረችው ትንሿ ልጅ እንቁላሉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቤት ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪናው ስም ዶሮ ቤት ሆነ፤ ጎረቤቱም በዚሁ ስም ይጠራው ጀመር።

ሥራውን ብቻውን አልጀመረውም። ሁለት ቤት አልፎ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ ነበር፤ ሰፈሩ ሬዲዮ ይለዋል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ። የሁለቱ ጓደኝነት ለሚያያቸው ይገርም ነበር። አንዱ አፉን አይከፍት፣ ሌላው አይገጥም። ሬዲዮ የሞተሩን ካንዴላዎች ፈትቶ አየ፣ ዘይቱን በጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተና ፍርዱን ሰጠ፦

«ይሄ ሞተር አልሞተም፤ አኩርፎ ነው። እናባብለዋለን።»

ማባበሉ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሞተሩን አውርደው በየክፍሉ ፈቱት፣ አጠቡት፣ ያለቀለትን ቀየሩ፣ መልሰው ገጠሙት። የወለሉን ዝገት ቆርጠው አዲስ ላሜራ በየዱበት። የፊቱን አሮጌ ፍሬን አውጥተው በሚተማመኑበት በዲስክ ፍሬን ተኩት። ከዚያ ጥርስ ሠሪው ወደ ራሱ ሐሳቦች ገባ። ለመብራትና ለትንሽ ማቀዝቀዣ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ አስገባ። ከኋላ ወንበር ጀርባ ቧንቧ ያለው የውኃ ታንከር አሰረ። ጣሪያው ላይ ድንኳንና ፍራሽ የሚጫንበት የብረት መደርደሪያ አበጀ። አንዱ በር የመስኮት ማዞሪያው ጠፍቶ ነበር፤ ከሌላው በር ላይ ልክ ወስዶ፣ ሥራ ቦታው ለሰው ሠራሽ ድድ በሚጠቀምበት ነገር አፍስሶ ሠራው። ማዞሪያው ያለ እንከን ገጠመ፤ ቀለሙ ግን የድድ ቀለም ነበር። ሬዲዮ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ፣ «ተጠንቀቅ፣ መስኮቱ ይነክሳል» ይል ነበር።

መኪናው የቆመበት የግቢያቸው ጋራዥ ቀስ በቀስ የቤቱ ሌላ ክፍል ሆነ። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ሻይዋን ይዛ የፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል የመጣውን የሰው ዓይነት ትነግረዋለች፣ እሱ ከመኪናው ሥር ሆኖ «እህ» ይላል። ትንሿ መሪውን ይዛ ስትነዳ ትውላለች። ትልቋ የኋላ ወንበር ላይ እግሯን አጣጥፋ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ መፍቻ ሲላት ቁጥሩን ሳትሳሳት ታቀብላለች። ሳትጨርሰው መጻፊያዋን ታስቀምጥና፣ «አባዬ፣ አሁን አለቀ?» ትላለች።

«ትንሽ ቀረው።»

ያቺ ትንሽ ግን አላልቅ አለች። ትምህርት ሲዘጋ እንሄዳለን ተባለ፤ የበሮቹ ጎማ አቧራ ያስገባል ብሎ በአዲስ ሊቀይረው ጉዞውን አስቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ድንኳኑ ሁሉ ተገዝቶ ነበር፤ አንድ ቀን ሲሞክረው ከማርሹ በኩል እሱ ብቻ የሚሰማው ድምፅ ሰማ፣ ማርሹም ተፈትቶ ወረደ። ሬዲዮ እንኳን በዚህ ጊዜ ተው አለው። «ወንድሜ፣ ይሄ መኪና እኮ አሁን ከኔ ይሻላል። እኔ ስንት ድምፅ እያሰማሁ እዞር የለም?» ጥርስ ሠሪው ፈገግ አለና መፍቻውን አነሳ። ክፋት አልነበረበትም፣ ስንፍናም አልነበረበትም። በእሱ ሙያ ያላለቀ ጥርስ ለሰው አይሰጥም፤ ያላለቀ መኪናም ልጆቹን አሳፍሮ መንገድ ላይ የሚወጣ አልመሰለውም። ሚስቱ ግን ሌላም ነገር ትጠረጥር ነበር፤ ሰውየው ከመሄዱ ይልቅ መሥራቱን ወዶታል ብላ። ጠይቃው አታውቅም።

በዚህ መሃል ትልቋ ወደ ጋራዡ መምጣት ተወች። በአንድ ቀን አልነበረም። መጀመሪያ ፈተና ነው አለች፣ ከዚያ ጓደኞቿ መጡ፣ ከዚያ ምክንያት መስጠቱም ቀረ። ከመኪናው ሥር ሆኖ እጁን ዘርግቶ፣ «አሥራ ሁለት ቁጥር» ሲል የሚያቀብለው ሲያጣ ነው ያወቀው። ወጥቶ የኋላውን ወንበር አየ፤ አቧራ ነበረበት።

ይመልሳታል ብሎ መኪናው ውስጥ አልጋ ሠራ። የኋላ ወንበሩ ይታጠፋል፣ ከሥሩ ጣውላ ተስቦ ይወጣል፣ በላዩ በልኩ የተሰፋ ፍራሽ ይዘረጋል። ለእሷ ነው የተሠራው፤ ትንሿ ከእናቷ ጋር ድንኳን ውስጥ ትተኛለች። ልኩን የወሰደው ያኔ መኪናውን የገዛ ሰሞን ነበር፤ ልጅቱን ሳሎን ወለል ላይ አስተኝቶ በሜትር ለክቷት። የለካውን አይረሳም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማጠፊያዎቹ ድምፅ አያሰሙም፣ ጠርዙ ሁሉ እጅ እንዳይወጋ ለስልሷል። ሲጨርስ ወደ ቤት ገብቶ ጠራት።

«ነይማ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

«ነገ ፈተና አለብኝ።»

«አንዴ ነው፣ ነይ።»

ስልኳን እንደያዘች መጣች። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ፣ ቁመቷ ከእናቷ እኩል ሆኗል። ጣውላውን ሳበ፣ ፍራሹን ዘረጋ፣ «ተኚበት» አላት። ወጥታ ተኛች። እግሮቿ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ካለው ጀምሮ ከአልጋው አልፈው ተንጠለጠሉ። አባቷ እንዳይከፋው ይመስላል፣ ጉልበቷን አጠፍ አደረገች፤ ቆይታ ግን ዘረጋቻቸው።

«አባዬ፣ የለካኸኝ መቼ ነው?»

እግሮቿን አየ።

«ግድ የለም፣ ለትንሿ ይሆናታል» አለችና ወረደች። በቁጣ አልነበረም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ትከሻውን መታ መታ አድርጋው ወደ ቤት ገባች፤ እሱ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ።

ማታ ለሚስቱ፣ «አልጋውን ፈትቼ እንደገና እሠራዋለሁ። ከዚያ በቃ፣ እንሄዳለን» አላት።

«አዎ። ስትጨርስ ደግሞ ትንሿ ታድጋለች» አለችና ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሲነሳ ቤቱ ባዶ ነበር። ጋራዡ በር ሲደርስ ድንኳኑ ጣሪያው ላይ ታስሯል፣ ማቀዝቀዣው ተሰክቷል፣ ትንሿ የዝናብ ጫማዋን አድርጋ ከኋላ ተቀምጣለች። ትልቋ የእንቅልፍ ፊቷን እንደያዘች ከፊት ናት። ሚስቱ መሪውን ይዛለች። ሬዲዮ የጋራዡን በር ደግፎ ቆሟል፤ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ።

«የት ልትሄዱ ነው?» አለ ጥርስ ሠሪው።

«ወንዝ ዳር» አለች ሚስቱ። «አንተ ጨርስና ድረስብን።»

«የቀኙ በር እኮ ቀለም አልተቀባም።»

«እንዘጋዋለን።»

«የዝናብ መጥረጊያው...»

«ሰማዩን እየው» አለችና ሞተሩን አስነሳች። በመጀመሪያው ተነሳ። ጥርስ ሠሪው በነጠላ ጫማ ቆሞ ድምፁን አዳመጠ፤ እንከን ፈልጎ አጣ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ ከትንሿ አጠገብ ገባ። ሬዲዮ መፍቻዎቹን በጆንያ ይዞ ሮጦ በመስኮት አቀበለው።

መንገዱን ሁሉ አንገቱን አዘንብሎ ነበር የተጓዘው። አንድ ቦታ ላይ፣ «አቁሚ፣ ከሥር የሚንኳኳ ነገር አለ» አለ። አቆሙ፤ ወርዶ ተኛ፣ አየ፣ ምንም የለም። ሲንቀሳቀሱ እንደገና ተንኳኳ። ትንሿ እግሯ ሥር ያለውን ድስት ከፈተችና ማንኪያውን አወጣች። ድምፁ ጠፋ። ትልቋ ወደ መስኮቱ ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀች ነው።

አስፋልቱ አልቆ ወደ ወንዙ ሲወርዱ አሸዋ ያዛቸው። ሚስቱ ነዳጅ በሰጠች ቁጥር የኋላ ጎማዎቹ እየተሽከረከሩ መቀበሪያቸውን ቆፈሩ። ጥርስ ሠሪው ወረደና የፊቱ ጎማ ጋ ሄዶ ተንበረከከ። የዚያ ዘመን መኪና የፊት ጎማዎቹ እንዲጎትቱ መሃላቸው ላይ ያለው ቁልፍ በእጅ መዞር አለበት። ትልቋ ተከትላው ወርዳ ነበር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

አሳያት። «ያኛውን አንቺ አዙሪው። ወደ ቀኝ፣ እስኪይዝ።»

በሌላው በኩል ዞራ ተንበረከከች። ቁልፉ ጠንክሮባት በሁለት እጇ ያዘችው፤ ቀጭ ሲል እሱም ከወዲያኛው ጎን ሰማው። «ያዘ!» አለች። ሚስቱ ቀስ ብላ ነዳጅ ሰጠች። መኪናው አቃሰተ፣ ተነቃነቀ፣ ከዚያ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ከአሸዋው እየተሳበ ወጣ። አባትና ልጅ አቧራ ለብሰው ቀሩ። ጥርስ ሠሪው የሠራው ነገር ሥራ ሲሠራ ቆሞ ያየው ያኔ ገና ነው፤ ጥርሶቹን እንኳን ሲያኝኩ አይቷቸው አያውቅም።

ወንዝ ዳር ደርሰው ድንኳን ሲተክሉ፣ ከዚያ ሁሉ ዝግጅት ክብሪት ያስታወሰ ሰው እንዳልነበረ ታወቀ። ዳቦና የታሸገ ዓሣ በቀዝቃዛው በሉ። አልጋው ለትንሿ ተሰጠ። ትልቋ ከእናቷ ጋር ድንኳን ውስጥ ገባች፤ እሱ የፊት ወንበሩን ወደኋላ ለጠጥ አድርጎ ተኛ። ንጋት ላይ ካፊያ ጣለ። ከጣሪያው አንድ ጥግ ጉልበቱ ላይ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ያ ጥግ ከዓመታት በፊት በእርግጠኝነት ያሸገው ነበር። የሻይ ኩባያ ፈልጎ ከሥሩ አስቀመጠና መልሶ ተኛ።

ከዚያ በኋላ መሄዱ ተለመደ። የሚነዳው አብዛኛውን ጊዜ ሚስቱ ናት፤ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ ያዳምጣል። የተበላሸውን ሲመለሱ ያስተካክለዋል፣ ያልተስተካከለውም እንዳለ ይሄዳል። ያልተቀባው በር ዓመት ከመንፈቅ ግራጫ እንደሆነ ቆየ፤ ሲቀባም ቀለሙ ከሌሎቹ ትንሽ ለየት አለ። ይታየው ነበር፤ ተወው።

ትልቋ መንዳት የተማረችው በዶሮ ቤት ነው። ማርሹን ስታንቋቋው አባቷ ከንፈሩን ይነክሳል እንጂ አይናገርም ነበር። ከዚያ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። በመጀመሪያው ዕረፍቷ ስትመጣ መኪናውን ለእሷና ለጓደኞቿ ጠየቀች። ቁልፉን ሰጣት። ጋራዡ ባዶ ሆኖ ስለቀረ ጠረገው፤ ሬዲዮም መጥቶ ወሬውን እስኪመሽ አወራለት።

በማግስቱ መኪናው በጭቃ ተለውሶ ገባ። የግራ የፊት መብራቱ ተሰብሯል። ትልቋ ወርዳ፣ «አባዬ፣ መብራቱን...» ብላ ጀመረች። ጥርስ ሠሪው መብራቱን አንድ ጊዜ አየት አደረገና በርጩማ ሳበላት።

«እሱ ይደርሳል» አለ። «የት የት ደረሳችሁ? ንገሪኝ።»