ድምፁ የጠፋው ፊልምና አባቴ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እዚሁ እስቴ መካነ ኢየሱስ ነው። ከዚያ ወዲህ "መጽሐፉ ይሻላል ወይስ ፊልሙ?" የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ለሰው ሳወራው አያምርልኝም፤ ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ድጓውን ቤተ ልሔም፣ ቅኔውን ዋድላ ተምረው ብዙ ዘመን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዓይን ግፊት የተነሳ ብርሃናቸው ጠፋ። ሐኪሞቹም አይመለስም አሉን። ማየት የተሳናቸው የቅኔ መምህራን በአገራችን ሞልተዋል፤ አባቴም ማስተማራቸውን ይተዋሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን ተማሪዎቻቸውን አሰናበቱ። "እኔ የምቀኘው ካየሁት ተነስቼ ነበር። አሁን ምን አይቼ ልቀኝ?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ፣ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ በቃ። ምግብ ሲቀርብላቸው ቀመስ አድርገው ይተዉታል። ከእኛም ጋር ጨዋታ የለም። አባቴን በቁማቸው እያጣኋቸው ነበር፤ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

እኔ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። መጽሐፍ የምንወድ ጥቂት ሰዎች፣ አብዛኞቹ መምህራን፣ እሑድ እሑድ እየተሰበሰብን ስላነበብነው እንጨቃጨቃለን። እንወያያለን አላልኩም፤ እንጨቃጨቃለን ነው ያልኩት። ያን ሰሞን ያነበብነው ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተካሰው ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ስለሚጨርሱበት አንድ ልብ ወለድ ነበር። መጨረሻው ላይ ታላቅየው ድንበሩን በገዛ እጁ አፍርሶ እስከ ታናሽየው አውድማ ድረስ ይሄዳል። ታናሽየውም ምንም ሳይጠይቅ መንሹን ያቀብለዋል፤ አብረው እህሉን ይወቃሉ። መጽሐፉን ለአባቴም አነበብኩላቸው። እሳቸው በቅኔ ቤት ልማዳቸው "ድገሚው" እያሉ ሙሉውን በቃላቸው ያዙት። እርቁ ጋ ስንደርስ አለቀሱ።

ልብ ወለዱ ፊልም ሆነ ሲባል ማኅበራችን ለሁለት ተከፈለ። እኔ ፊልሙን ሳላየው ነው የጠላሁት። ጌታቸው የሚባለው የታሪክ መምህር ግን መጽሐፉ ያንዛዛውን ፊልሙ መልክ አስይዞታል ባይ ነው። በመጨረሻ በፍላሽ አመጣውና በአንድ አዳራሽ በፕሮጀክተር ልናየው ተቀጣጠርን።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው "እኔም ልምጣ?" አሉ። ክው አልኩ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ፤ ሰው ከንፈሩን ይመጥባቸዋል ብዬ። ግን እንዴት እምቢ ይባላል? ክንዳቸውን ይዤ ሄድን። እሳቸው ንግግሩን ሊሰሙ፣ እኔ የሚታየውን በጆሯቸው ልነግራቸው ተስማማንና ከፊት ተቀመጥን።

ፊልሙ ደህና ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ ስፒከሩ ጭጭ አለ። ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። ጌታቸው ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ፣ ስፒከሩን ደበደበው፤ ወይ ፍንክች። ከላፕቶፑም ድምፅ የሚባል አልወጣም። ሰው እያጉረመረመ መነሳት ጀመረ። ለሌላው ሰው ምስሉ ቀርቶለታል፤ አባቴ ግን የነበራቸው ድምፁ ብቻ ነበር።

እሳቸው ረጋ ብለው "አሁን ማን ይታያል?" አሉኝ። ታላቅየው ዳኛው ፊት ቆሟል አልኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና የታላቅየውን ንግግር መጽሐፉ ላይ እንዳለ ለቀቁት። ዳኛው ሲመጣ በዳኛው ድምፅ፣ ታናሽየው ሲመጣ በታናሽየው ድምፅ ተናገሩ። እኔ አንሾካሹካለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ። ሊወጡ የነበሩት ተመልሰው ተቀመጡ። ጌታቸውም ስፒከሩን ተወው። አባቴን ያን ያህል ድምፅ አውጥተው ሲናገሩ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

መጨረሻው ላይ ጉድ ፈላ። ለካ ፊልሙ ታሪኩን ቀይሮታል። ታላቅየው አውድማው ሲደርስ ታናሽየው የለም። ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቀብር ሲመለሱ ይታያሉ። አውድማው ላይ መንሹ ብቻ ተተክሎ ቆሟል።

እርቁን እንዴት እንደወደዱት አውቃለሁ። መንሹን እያቀበለው ነው ብዬ ልዋሻቸው ይሆን? አባቴ ማመንታቴ ገባቸው።

"ልጄ፣ ዓይኔ አንቺ ነሽ። ያለውን ንገሪኝ።"

"አባቴ፣ መጽሐፉን ትተውታል። ታናሽየው ሞቷል። አውድማው ላይ መንሹ ብቻ ነው ያለው።"

የያዙት ቃል እዚህ ላይ አለቀ፣ ከዚህ በኋላ የሚሉት የላቸውም ብዬ ተሸማቀቅሁ። እሳቸው ግን ነፋስ ይኖር እንደሆነ ጠየቁኝ። አለ፣ ገለባውን እየበተነው ነው አልኳቸው። ያኔ ቀና አሉ።

"ወንድሜ፣ ገለባው እንኳ የሚወስደው ነፋስ አለው፤ እኔን ወደ አንተ ማን ይውሰደኝ? የመሬቱን ድንበር አፍርሼ መጣሁ፤ አንተ የማላፈርሰውን ተሻገርህ።"

ይህ ቃል መጽሐፉ ውስጥ የለም። በሌላ ጊዜ ፊልሙን ከነድምፁ ሳየው እዚያም የለም፤ ተዋናዩ እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይናገርም። ያኔ ዘወር ስል፣ ያ ተከራካሪ ጌታቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንባውን ይጠርጋል። ሁላችንም ስልክ ይዘናል፤ ልቅዳው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። በኋላ አንዷ መምህርት "የኔታ፣ እባክዎን ይድገሙልኝ" ብትላቸው፣ ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም ብለው ሳቁ።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። የአህያ ጭነት የሚያቃና ሰው አለ፣ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ እያልኩ ነገርኳቸው። በማግስቱም ጧት ጠየቁኝ። ቀስ በቀስ ምግቡም ጨዋታውም ተመለሰ፤ ተማሪዎቹም ተመለሱ።

እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ከማን ጋር እንደኖርኩ ያወቅሁት ያን ቀን ይመስለኛል። አሁንም በየጧቱ ሥራ ከመሄዴ በፊት በራፉ ላይ ቆሜ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ክረምት ላይ አንድ ቀን ግን ቸኩዬ ነበርና፣ "አባቴ፣ ዛሬስ ጉም ነው፣ ምንም አይታይም" አልኳቸው።

"እንግዲያው ጉሙን ንገሪኝ" አሉኝ።