የብርሀንነሽ በር

መካነ ሰላም ውስጥ እንጨትን እንደ ጥልፍ የሚፈለፍል ሰው ቢኖር ወልደ ሚካኤል ነበር። ጓዳው ውስጥ አንድ ጥግ ይዞ፣ ምላጯ እንደ ክር በቀጠነች መጋዝ ሐረግና መስቀል ሲቆርጥ ይውላል። በሙያው አይሰስትም፤ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ብሳው፤ ምላጯን በቀዳዳው አሳልፍና ጥርሷን ወደ ታች አድርገህ እሰራት፤ አትግፋት፤ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ እንጨቱን አዙረው እንጂ እጅህን አታጣምም፣ ይላል። እርጥብ እንጨት ግን በደጁ አያልፍም፤ ምላጯን ነክሶ ይሰብራታል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ጢስ የጠገበ አሮጌ የዋንዛ በር ካገኘ ደስታው ልክ የለውም።

በስድሳ አምስት ያ ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው በሩን እየነቀለ ገበያ አወጣ። ደህና ቀን ቢሆን ማን በሩን ይሸጣል። ብርሀንነሽ የምትባል በከላላ መንገድ የምትኖር ሴት አንድ የዋንዛ በር አዝላ መጣች። በሩን የሠራው ባሏ ቸኮል ነው፤ እሱ ታሞ ተኝቷል። ሁለት ቁና ገብስ ይስጡኝ አለች። ወልደ ሚካኤል በሩን አገላብጦ አየው፤ እንዲህ ቀጥ ያለ እንጨት በዕድሜው አልገጠመውም። አፉ ግን የገበያ አፍ ለምዷልና፣ «ጎብጧል እኮ፤ ባልሽ ሲሠራው አበላሽቶታል» አላት። በአንድ ቁና ወሰደው። እሱም ርቦት ቢሆን ባልከፋ፤ ጎተራው ውስጥ ገብስ ነበረው፣ እግዜር ይየው።

ከዚያ በር የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት ፈልፍሎ አወጣ። ሰው ሁሉ እጅህ ይባረክ አለው። በመረቁት ቁጥር አንገቱን ሲደፋ ትሕትና መሰላቸው። ትሕትና አልነበረም፤ እፍረት ነው።

መንግሥት ተለወጠ፣ መሬት ላራሹ ታወጀ፣ በሕይወት የተረፈውም ከስደት ወደ ቀዬው ተመለሰ። ብርሀንነሽ ብቻዋን መጣች። በር በሌለው ቤቷ ጅብ እየገባባት ብትቸገር ወልደ ሚካኤል ደጅ ሄዳ ቆመች።

«አያ ወልደ ሚካኤል፣ በር ይሥሩልኝ። እንጨቱን ብቻ ቀጥ ያለ ይምረጡልኝ፤ የፊተኛው እንደጎበጠ እርስዎም አይተውታል» አለችው።

ፊቱ በእፍረት ነደደ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ አንድ በር በነጻ ሠርቶላት መገላገል ይችላል። ሊል ያሰበውም ይኼንኑ ነበር። አንደበቱ እንቢ አለው።

«አልጎበጠም ነበር» አላት፣ መሬት መሬት እያየ። «እንደዚያ ያለ እንጨት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይዤ አላውቅም። ዋሽቼሽ ነው። ባልሽ ባለሙያ ነበር።»

ብርሀንነሽ አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ደጁ ላይ ቁጭ አለች።

«ወደ ደሴ ስንሰደድ ቸኮል መራመድ አቃተው» አለች። «እኔም ተናድጄ፣ ባንተ ጎባጣ በር የተነሳ ነው በአንድ ቁና የቀረነው አልኩት። አንዲት ቃል ሳይመልስልኝ ነው የሞተ።»