ሥራው ያልታወቀው

ትናንት ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ በስልክ «ምን ይሠራል? መጀመሪያ እሱን ንገሪኝ» ስትል ሰምቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ስለ እጮኛ እንደምታወራ ገባኝ። የእኛ ቤት ጭቅጭቅም የተነሣው በዚሁ ጥያቄ ነበር።

ያኔ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። አባቴ ወደ ድሬዳዋ ጨርቅ እየላከ ይነግዳል፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት እማራለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የደረሰኝ አንድ የእርሾ ዘረመል ነው፤ የፈረንጅ ተመራማሪዎች «ሥራው ያልታወቀ» ብለው ያለፉት። ዘረመሉን ያወጡበትም ያላወጡበትም እርሾ እኩል ያድጋል። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አለ ብዬ ማመን አቃተኝ፤ ስበላም ስተኛም የማስበው እሱን ሆነ።

አንድ ቀን ለክፍሌ ልጅ በስልክ «ሥራው አልታወቀም። ባይኖርም ምንም አይጎድልም ይላሉ፤ እኔ ግን አልተወውም» ስላት አክስቴ ዘሃራ ከጓዳ ሰምታ ለአባቴ ነገረችው። ምሳ ላይ አባቴ የየመኖቹን ጥብስ ዓሣ እሾህ እየለቀመ፣ ሥራ ፈት እጮኛ ለመጠበቅ ከሆነ ትምህርቱ እንዲበቃኝ፣ ከሳምንቱ ጀምሮም ሱቅ እንድቀመጥ ነገረኝ። ሳቄ አመለጠኝና ነገሩን አባሰው። ሰው አይደለም፣ እርሾ ውስጥ ያለ ነገር ነው ብል ማን ይመነኝ።

«ዳቦ ጋጋሪ ነው ማለት ነው» አለች አክስቴ።

በማግስቱ አባቴ ነገሩን በዓይኑ ሊያይ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ መጣ። ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ፊታችንን እየለበለበን ደረስን። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሙቀት ጨምሬባቸው ያደሩ ሁለት ሳህኖች አወጣሁ። ዘረመሉ ያለበት እርሾ ሳህኑን ሞልቶታል፤ በሌለበት ሳህን ላይ ግን እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ ብቻ ነው የሚታየው። እንዲህ ያለ ልዩነት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ደስታዬ አባቴን አስረሳኝ።

«ይሄ ራሰ በራው የሱ ነው?» አለ።

«እሱ የሌለበት ነው፣ አባ።»

ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለ። «ታዲያ ሥራ አገኘ?»

«ምናልባት።»

«ምናልባት ብሎ የመጣ አማች አላስገባም ነበር» አለና፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ፣ «እስክታውቂው ድረስ ተማሪ» አለኝ።

ሙከራውን ስደጋግመው ልዩነቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። «ምናልባት» ብዬ ጽፌ ተመረቅሁ። አባቴ ግን አልተወውም። አስተማሪ ከሆንኩም በኋላ፣ እሱ ታሞ ከተኛም በኋላ፣ ስገባ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ያ ልጅ ሥራ ያዘ?» ብሎ ነበር። «ገና ነው፣ አባ» እለዋለሁ፤ ይስቃል።

ትናንት ከሚኒባሱ ወርጄ ዘረመሉን በስልኬ ፈለግሁት። ዛሬም ሥራው አልታወቀም። ምን ይሠራ ይሆን እያልኩ ቤቴ ደረስኩ። አንድ ቀን ቢታወቅ ሮጬ የምነግረው ሰው ግን አሁን የለም።